ለንፋሱ ዋስ የሚሆን ማነው?

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል ልጆቼ፣ ከየማመንጫው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እና አንተ፣ ከኋላ ተቀምጠህ ሰዓት የምታየው ባለቤቴ፣

ይህን ሁሉ ወንበር ደርድራችሁ፣ ኬክ አስጋግራችሁ፣ እኔን የመሰለች ጨቅጫቃ ሴት ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ የመጣችሁት በእርግጥ መሄዴን በዓይናችሁ ለማየት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እነሱንም አመሰግናለሁ። ለስጦታውም እግዜር ይስጥልኝ። የጠረጴዛ ቬንትሌተር ነው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሙሉ ከንፋስ ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ ቤቴ ይዤው የምገባው ንፋስ ገዛችሁልኝ። ማን እንደመረጠው አልጠይቅም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለውን ሰው ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።

ንግግር እንዳዘጋጅ ተነግሮኝ አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ባለቤቴ ሳነብለት አንቀላፍቶበታል። ግን ትቼዋለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለመሰናበት ብቻ አይደለም። ዋስ ፍለጋ ነው።

የምን ዋስ? የምትሉ እንግዶች አላችሁ። ሠራተኞቹ ግን ከአሁኑ ጫማቸውን ማየት ጀምረዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የንፋሱ ዋስ ነኝ። አዎ፣ የንፋሱ። ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው፣ ያው የምታውቁት ንፋስ። በደንባችን ደግሞ ዋስ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ጡረተኛ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ንፋሱ ዋስ የሌለው ሠራተኛ ይሆናል፤ ዋስ የሌለው ሠራተኛ ከሥራ ይታገዳል። ንፋስ ይታገዳል ማለት የኮረብታው መስመር ተቆርጦ ተርባይኖቹ ቀጥ ይላሉ ማለት ነው። እኔ ከዚህ አዳራሽ ወይ ዋስ ይዤ እወጣለሁ፣ ወይ አልወጣም። በር አጠገብ ያላችሁ፣ እስኪ ዝጉልኝ።

እንዴት እዚህ ደረስን? ለእንግዶቹና ለባለቤቴ ስል ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን እስካሁን የኔ ሥራ ስልክ ማንሳት ይመስለዋል። ብዙም አልተሳሳተም።

መብራት እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። አንድ ሰው ምድጃውን ሲያበራ፣ ያኔውኑ የሆነ ቦታ መመረት አለበት። የሚመረተውና የሚበላው ልክ ለልክ ሲሆን፣ ግድግዳችን ላይ ያለችው መርፌ ሃምሳ ላይ ትቆማለች። የሚበላው ሲበልጥ ትወርዳለች፣ የሚመረተው ሲበልጥ ትወጣለች። ወዲህም ወዲያም ብዙ ከሄደች አገር በሙሉ ይጨልማል። እኔ ይቺን መርፌ ሃምሳ ላይ ጠባቂ ነኝ። "እትዬ ሃምሳ" የምትሉኝም ለዚሁ ነው። አዲስ የሚገቡ ልጆች ግን ዕድሜዬ እየመሰላቸው "ኧረ አይመስሉም እትዬ!" ይሉኛል። አንዱንም አርሜው አላውቅም።

የመቆጣጠሪያ ክፍላችን ቋንቋ አጭር ነው። መርፌዋ ስትወርድ ስልኩን አነሳና "ግድብ፣ ሃያ ጨምር" እላለሁ፤ ሃያ ሜጋዋት ማለቴ ነው። ግድቡ ላይ ያለው ተረኛ ቃል በቃል ይደግመዋል፦ "ሃያ ጨምር፣ ተቀብያለሁ።" ትንሽ ቆይቶ ይደውልና "ሃያ ጨምሬያለሁ" ይላል። አለቀ። እንዴት አደራችሁ የለም፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ የለም። "አይሆንም" የሚባል ቃል ደግሞ ከነጭራሹ የለም። አልተከለከለም፤ ብሎት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ መከልከል አላስፈለገም።

ከዚያ ንፋስ መጣ።

ምረቃው ላይ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ክንፎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ማይኩን እንደያዙ ዞር ብለው "ለምን አይዞርም?" አሉ። "ንፋስ የለም ጌታዬ" ተባሉ። "ፕሮግራሙ አልደረሰውም እንዴ?" አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ቀልድ አልነበረም።

ሥራ በጀመረበት ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። መርፌዋ ወረደች፣ ስልኩን አነሳሁ። "ንፋስ፣ አሥራ አምስት ጨምር።" ኮረብታው ላይ የተመደበችው መሐንዲስ፣ ሁላችንም "የኮረብታዋ ልጅ" የምንላት፣ ያቻትና እዚያ ጋ ተቀምጣለች፣ ያኔ አዲስ ነበረች። ደንቡን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። "አሥራ አምስት ጨምር፣ ተቀብያለሁ" አለች። ጠበቅኩ። መርፌዋ ትወርዳለች። መልሼ ደወልኩ።

"ምነው?"

"እትዬ፣ እኔ ተቀብያለሁ" አለችኝ። "እሱ ግን አልተቀበለም።"

"እሱ ማነው?"

"እሱ ነዋ፣ ንፋሱ!"

"ንገሪው።"

"ነግሬዋለሁ።"

አይ እኔ! ሳላስበው "ደግመሽ ንገሪው" ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። በኋላ እንደሰማሁት፣ እውነትም ደጅ ወጥታ ደግማ ነግራዋለች።

እንግዲህ በኛ ቤት ትዕዛዝ ካልተፈጸመ ጥፋት አለ፤ ጥፋት ካለ አጥፊ አለ። የሰው ሀብት ኃላፊያችን፣ ከኋላዋ "አንቀጽ" የምንላት... ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ ከፊትሽ አመለጠኝ፤ ስብሰባ ጠራች። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ትዕዛዙን ያልፈጸመው ማነው? ልጅቷ ተቀብላለች። ተርባይኑ ጤነኛ ነው። የቀረው ንፋሱ ነው። "ንፋሱ ደግሞ ሠራተኛችን አይደለም፤ ሠራተኛ ያልሆነን መቅጣት ደንቡ አይፈቅድልንም" አለች አንቀጽ። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ መነጽራቸውን አወለቁና "እንግዲያው ቅጠሩትና ቅጡት" አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

አንድ ጊዜ ከተጀመረ ማን ያቁመው! ፋይል ተከፈተለት። ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ተባለ። ፎቶ አንሺው ኮረብታው ላይ ሲባዝን ውሎ የተጎነበሰ ዛፍ አንስቶ መጣ። አንቀጽ አገላብጣ አየችውና "አይሆንም፤ ሁለቱም ጆሮዎች መታየት አለባቸው" ብላ መለሰችው። ቋሚ አድራሻ ተባለ፤ የለውም። ማን ነው ያመጣው ሲባል "ከላይ ነው የመጣው" አልን፣ ከዚያ በኋላ የትምህርት ማስረጃ የጠየቀ የለም።

በመጨረሻ ዋስ ተባለ። ቢጠፋ ፈልጎ የሚያቀርብ፣ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዝ ያለው፣ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ሁሉ ያን ቀን ጫማችን ምን ዓይነት እንደሆነ በደንብ አወቅን። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

ለምን? ባለቤቴ እስከዛሬ ይጠይቀኛል። "ለወንድሜ ዋስ ሁኚ ስልሽ ራሴን አመመኝ ያልሽ ሴት፣ ለንፋስ ዋስ መሆን ምን ቁርጥ አደረገሽ?" ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን ድርቅ ታስታውሳላችሁ። የግድቡ ውሃ ወርዶ ወርዶ፣ ከሥር የሰመጠው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ብቅ ያለበትን ዓመት። ያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። ፈረቃውን የሚያወጣው ኮሚቴ ነው፤ የሚያጠፋው ግን የኔ ጣት ነበር። ዛሬ የዳቦ ጋጋሪዎቹን ሰፈር፣ ነገ የእንጨት ሠራተኞቹን፣ ከነገ ወዲያ የልብስ ሰፊዎቹን። የገዛ ባለቤቴን የስፌት መኪና ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቤት ስገባ "ዛሬም አጠፉብን፣ እጃቸው ይቆረጥ!" ይለኛል። እኔ ዝም ብዬ እጄን እታጠባለሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ዓመት ያለቀስኩበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ንፋስም ይሁን ወጨፎ፣ ከዚያ ግድብ ላይ እፍኝ ውሃ የሚያተርፍልኝ ከሆነ ዋስ እሆነዋለሁ አልኩ።

ዋስ መሆን ቀላል ነው። ጉዱ የሚመጣው ዋስ የሆንክለት ሲጠፋ ነው።

ጠፋ። ሰኞ የለም፣ ማክሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም። አንቀጽ ደወለች። "እትዬ፣ ሠራተኛዎ ከሥራ ገበታው ላይ የለም።" "ልጄ፣ ንፋስ እኮ ነው" አልኳት። "ፈልጎ ማቅረብ የዋስ ግዴታ ነው፤ መኪና አዝዤልዎታለሁ" አለችኝ።

ሾፌራችን ቁም ነገረኛ ሰው ነው፣ ታውቁታላችሁ። ሳይስቅ ሞተሩን አስነሳና "ባገኘው በምን ልያዘው እትዬ?" አለኝ። "መጀመሪያ አግኘው" አልኩት። ከከተማ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ እጁን በመስኮት አውጥቶ "ተገኘ!" ብሎ ጮኸ። እውነትም እጅጌው ይርገበገባል። ፍሬን ያዘ፣ ወረድን። ጭጭ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ገብተን ስንነሳ፣ "ይኸው መጣ!" ቆመን ስንወርድ፣ የለም። እንዲህ ስንል ግማሹን መንገድ ጨረስን። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ "እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ እየሸሸን ነው" አለኝ። አንቺ ሞኝ አትበሉኝና፣ እኔም ለጥቂት አምኜው ነበር።

መንገድ ዳር አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። "እናቴ፣ ንፋስ በዚህ አላለፈም?" አልኳት። ቀና ብላ እኔን አየች፣ መኪናው ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤታችንን ምልክት አየች።

"ምን አጠፋ?"

"ከሥራ ቀርቶ ነው።"

"እሁድ እዚህ ነበር" አለች። "የባሌን ሸሚዝ ይዞ በዚያ በኩል ቁልቁል ወርዷል። ካገኛችሁት ሸሚዙን እንዲመልስ ንገሩልኝ።"

ሾፌሩ የሸሚዙን ቀለም ጠየቃት። ሰማያዊ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ባየን ቁጥር ቀስ ይል ነበር።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ የኮረብታዋ ልጅ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላለች። "ውይ እትዬ፣ ምነው ደከሙ? አርብ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል እኮ" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"የአየር ትንበያው ነዋ። ሲመጣም ሲሄድም ከአንድ ቀን በፊት አውቃለሁ። አንዳንዴ በትንሽ እስታለሁ እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪንም አንቺ ልጅ!"

"አትጠይቁኝማ እትዬ" አለች። "በዚያ ስልክ ጨምር፣ ቀንስ ብቻ ነው የምትሉኝ።"

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው። በዚያ ስልክ ትዕዛዝ እንጂ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሰው ማንም ጠይቆ አያውቅም። ግድብ ይታዘዛል፤ ውሃው ተጠራቅሞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ንፋስ ግን ጠርተኸው አይመጣም። መቼ እንደሚመጣ ጠይቀህ ቤትህን የምታሰናዳለት እንግዳ ነው። እኛ እንግዳውን በር ላይ አቁመን "ለምን አሁን መጣህ?" ስንለው ከረምን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ በየቀኑ ትደውላለች፦ "ነገ ጠዋት ሠላሳ ነው፣ ቀትር ላይ ይደክማል፣ ሲመሻሽ ይበረታል።" አንቀጽም ነገሩ ገባት። "አስቀድሞ ካሳወቀማ መቅረት አይደለም፣ ፈቃድ ነው" አለች። እናም ንፋሱ እንደማንኛችንም ፈቃድ መውጣት ጀመረ። የዓመቱን በሁለት ወር ጨረሰው። ከዚያ የሕመም ፈቃድ ገባ። የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ሲመጣ ደግሞ ውጤቱን እኔ ነኝ በዋስነት የተቀበልኩለት። ሰዓት ማክበር፦ ዝቅተኛ። ትዕዛዝ መቀበል፦ የለም። በራስ ተነሳሽነት መሥራት፦ እጅግ ከፍተኛ። እውነት ነው፣ በበዓል ቀን ፋብሪካው ሁሉ ተዘግቶ መብራት የሚበላ ሰው ሲጠፋ፣ እሱ ሳይጠሩት መጥቶ ሲሠራ ይውላል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ሲመጡ፣ ክቡርነትዎ ያስታውሱታል፣ "ይህ ነገር እብደት ነው፣ ንፋሱን ከሠራተኛ መዝገብ አውጡት" ብለው ነበር። አንቀጽ በትሕትና ነገረቻቸው፦ ሠራተኛ የሚለቀው በራሱ ፊርማ አመልክቶ ነው። እነሆ እስካሁን አላመለከተም።

አሁን ወደ ጋሼ ኩሬ ልምጣ። ጋሼ፣ ፊትዎን አይቋጥሩ። ለእንግዶቹ፦ እኚህ የግድባችን ኃላፊ ናቸው። ዳር ቆመህ ማዶው የማይታይህን ሐይቅ "ኩሬዬ" ስለሚሉት ነው ጋሼ ኩሬ የምንላቸው። የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ንፋሱ ሲመጣ ግድቡ ያርፋል፣ ውሃው ይጠራቀማል። ንፋሱ ሲሄድ ግድቡ ይነሳል። ይህን ስነግራቸው በስልኩ ወረዱብኝ።

"እትዬ፣ ይህን አገር እኔና ኩሬዬ ነን ስናበራ የኖርነው። አሁን አንድ መድረሻው የማይታወቅ ወፈፌ ሲመጣ ወንበር ልልቀቅለት? ሲሄድ ደግሞ ልተካው? የሱ ተላላኪ ነኝ?"

"ኧረ ጋሼ..."

"ሲመጣ እንኳን አያንኳኳም!"

አንድ ቀን ንፋሱ በተባለው ሰዓት መጣ። ሲመጣ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ኮረብታውን ነቅሎ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። "ግድብ፣ አርባ ቀንስ" አልኩ። "አርባ ቀንስ፣ ተቀብያለሁ" አሉ ጋሼ ራሳቸው። መርፌዋ ትወጣለች። ግድቡ ንቅንቅ የለም። ሃምሳን አለፈች። "ጋሼ!" አልኩ። "ተቀብያለሁ" ይላሉ። ንፋሱ ይገፋል፣ ግድቡ ይገፋል፣ መሀል ላይ አገሩ አለ። ደንቡን ጣልኩት። በዚያ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንኩ።

"ጋሼ፣ እንዲያው በሞቴ! ውሃው እኮ የእርስዎ ነው! ዛሬ ያልፈሰሰው ለበጋ የሚቀረው ለእርስዎ እኮ ነው! ድልድዩን ረሱት?"

መርፌዋ ሌላ አንድ ጭረት ወጣች። ከዚያ "አርባ ቀንሻለሁ" አሉ። ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ድምፅ ነበር። መርፌዋ ተመለሰች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ጫማዬን የምፈልግ መስዬ አለቀስኩ።

በጋው መጣ። ዝናብ የዘገየበት ክፉ በጋ ነበር። ፈረቃው ሊመጣ ነው እያልኩ ጣቴን አያለሁ። አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ግድብ ነው። ሳይጠሩት ግድብ ደውሎ አያውቅም።

"ምን ተሰበረ?" አልኩ።

"ምንም" አሉ ጋሼ። "ዳሩ ላይ ቆሜያለሁ። ድልድዩ አይታይም።"

"እሺ?"

"አይታይም እኮ ነው የምልዎት።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያ ወፈፌ... ደህና ነው?"

"ደህና ነው ጋሼ። ዛሬ ፈቃድ ላይ ነው።"

"ይረፍ" አሉ። "ይረፍ፣ ዛሬ እኛ አለን።"

ያን ዓመት ጣቴ አንድም ሰፈር አላጠፋችም። የዳቦ ቤቶቹም ምድጃ አልቀዘቀዘም፣ የባለቤቴም መኪና አልቆመችም። እሱ መሥሪያ ቤታችን ተሻሽሏል ብሎ ለጎረቤት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። በደስታ ልሞት ነበር።

ይኸው ነው ታሪኩ። አሁን ልጠይቃችሁ። ለንፋሱ ዋስ የሚሆን ማነው?

...እሺ። አንድ በአንድ ልሂድ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን፣ አንተ ይቅርብህ፤ ለአማትህ ልጅ ዋስ ሆነህ የደረሰብህን ሁላችንም እናውቃለን። ሾፌራችን እጅህን አውጥተሃል፣ ተባረክ! አንቀጽ ግን ራሷን እየነቀነቀች ነው፤ ኮንትራት ነው ትላለች። የኮረብታዋ ልጅ፣ አንቺ አለቃው ነሽ፣ አለቃ ዋስ አይሆንም። ኧረ አታልቅሺ፣ ገና አልጨረስኩም! ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ምን አሉ? አንድ ዓመት ይጨመርልኝ? ባለቤቴ ተነስቷል። ተቀመጥ፣ አልጨመርኩም፣ ተቀመጥ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንቀጽ፣ ሁላችንም በጋራ ብንይዘውስ? አይቻልም። ዋስ አንድ ነው። ይሁን።

ቀልዴን ልተወው። መስመሩ ነገ ከተቆረጠ፣ ክፉ በጋ የመጣ ቀን ያ ድልድይ ይወጣል። ያኔ ፈረቃ ይመጣል። የኔ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማነው? ከናንተ አንዱ። የሰው ሰፈር የሚያጠፋው የማን ጣት ነው? የናንተ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። የምፈራው ለናንተ ነው። ልጆቼ ናችሁ፣ ያን ዓመት እንድታዩት አልፈልግም።

...ጋሼ ኩሬ? ይቁሙ፣ ይቁሙ። ማይክ ስጧቸው። አይፈልጉም? እሺ፣ እኔ ልድገምላችሁ፣ ቃል በቃል መድገም የለመድኩት ሥራ ነው። "እኔ አይደለሁም" ይላሉ። "እኔም ነገ ከነገ ወዲያ ጡረታ ነኝ። ኩሬዬ ትሁን።"

ግድቡ? ለንፋሱ ዋስ? አትሳቁ! እናንተ ልጆች፣ እስኪ ዝም በሉ!

አንቀጽ ተነስታለች። ጠይቂ እህቴ። ቋሚ ነው ወይ ትላለች። "ከኔም ከአንቺም ይልቅ ቋሚ ነው" ይላሉ። ደመወዝ አለው ወይ? "የሁላችሁንም ደመወዝ የሚያመጣው ማን ሆነና!" እውነት ነው፣ ሒሳብ ክፍል ራሱን ነቀነቀ። የሥጋ ዘመድ ነው ወይ? "አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል፣ ምን አዛመዳቸው?" ጥሩ። የመጨረሻው ጥያቄ፦ ንፋሱ ቢጠፋ ፈልጎ ያቀርባል ወይ?

ጋሼ?

...ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ አይሰማም።

"ፈልጋ አታቀርብም። እሱ ሲጠፋ እሷ ቦታው ላይ ትቆማለች።"

ክቡራትና ክቡራን፣ አንቀጽ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት ዋስ ሆኜ፣ መኪና ተሳፍሬ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ እያሳደድኩ፣ ዋስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ለካ መፈለግ አይደለም። ቦታው ላይ መቆም ነው!

ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። ውሃውስ ቢጎድል፣ የግድቡ ዋስ ማነው? ትላለች። ጋሼ፣ ይንገሯት። ምን? እያፈሩ ነው መሰለኝ። "ማን ሆነና! ያ ወፈፌ ነዋ።"

እየጻፈች ነው! እዩዋት፣ አንቀጽ እየጻፈች ነው! ማኅተሙን ከቦርሳዋ አወጣች። ማኅተም ይዛ ግብዣ የምትመጣ ሴት ፈጣሪ ይባርካት። ሁለቱም እርስ በርስ ዋስ ሆኑ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ከደጄ ስወጣ ንፋስ ይመታኝ ይሆናል። "አንተ፣ በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ታደርጋለህ?" ብዬ አልጮኽበትም። ፀጉሬን ያበላሽ፣ ደስ እንዳለው። እንደ ማንም ሴት ነጠላዬን ሰብስቤ አልፈዋለሁ። መርፌዋ ግን ትናፍቀኛለች። እናንተም ትናፍቁኛላችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብሄድ ይቆጨኛል። በዚያ ስልክ እየተጯጯኽን ያሳለፍነው ዘመን ከዘመኔ ሁሉ ደጉ ነበር።

ውሃችሁ አይጉደል። ንፋሳችሁ ልክ ይኑረው። ያሰባችሁት ይሙላላችሁ፣ ልጆቻችሁ በብርሃን ያጥኑ፣ የሠራተኛው እጅ ሥራ አይፍታ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዕድሜና ትዕግሥት ይስጥዎ፤ ሁለተኛው የበለጠ ያስፈልግዎታል። የኮረብታዋ ልጅ፣ ከፍ ካልሽበት አትውረጂ። ጋሼ፣ ኩሬዎ ባሕር ትሁን።

ልጆቼ፣ አንዳችሁ የደከመ ቀን፣ የታመመ ቀን፣ የጠፋ ቀን፣ ማን አጠፋው ብላችሁ ስብሰባ አትጥሩ። ሌላችሁ ተነሱና ቦታው ላይ ቁሙለት።

አሜን በሉ እንጂ!